ሟች ያልነበረው ጥሩንባ

«ማንም አልሞተም» ብላችሁ ለሰው አስረድታችሁ፣ ባስረዳችሁ ቁጥር ለቅሶው እየበረታ ሄዶባችሁ ያውቃል? ያልደረሰበት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጠጋ ይበልና ላጫውተው። የደረሰበት ካለ ደግሞ ፈልጎ ያግኘኝ፤ ሁለት ስንሆን ይቀለኛል።

እኔ ሐረር ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ልመካ ብዬ አይደለም፤ በሽታ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ባጃጅ ስሳፈር፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ለምን ወደ ፊት እንደምንንደረደር አስረዳዋለሁ። አንድ ቀን ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ሄጄ፣ በርበሬ ለምን እንደሚያስነጥስ ለሻጯ አስረድቼ፣ በርበሬውን ረስቼ ተመልሻለሁ። ሴትየዋ አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ከሙኑ ያዞራሉ።

የምኖረው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ አስካለ ብቻቸውን ናቸው። ሄኖክ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። «ነበራቸው» ስል ራሱ ይከብደኛል፤ «አላቸው» ልበል። ከዓመታት በፊት በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጣ። «እማዬ፣ ነገ ጀልባ እንሳፈራለን» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሞተ ያለ ሰው የለም። አለ ያለም የለም።

አንድ ሰሞን እኔ ላጽናናቸው ብዬ ስለ ኔትወርክ አስረዳኋቸው። በረሃና ባሕር ላይ የስልክ ማማ እንደሌለ፣ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ተራራ እንዴት እንደሚከልለው፣ በወረቀት ላይ እየሣልኩ ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና «አይ መምህር፣ እስካሁን ከተራራው ጀርባ ነው ትለኛለህ?» አሉኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

እሳቸው ሰርግ አይሄዱም። ዘፈን ካለበት አይቀመጡም። ለቅሶ ቤት ግን አይቀሩም፤ ሆኖም ማንም ሲያለቅሱ አይቷቸው አያውቅም። «ካለቀስኩ ሟርት ይሆንበታል» ይላሉ። እንግዲህ እትዬ አስካለ በሁለቱ መሃል፣ መዝፈንም ማልቀስም በማይቻልበት ቦታ ተቀምጠው የሚኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ያዙልኝና ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

ዳዊት የሚባል የኮሌጅ ጓደኛ አለኝ። አዲስ አበባ ትራምፔት ይነፋል። ግን ከዘፋኝ ጀርባ ቆሞ ዜማ ከሚከተሉት አይደለም። ብቻውን ይቆማል፤ ምን እንደሚነፋ አስቀድሞ አያውቅም፤ እዚያው ቆሞ ይፈጥረዋል። እንደ እሱ የምትጫወት አንዲት ባለክራር ጓደኛም አለችው። «ሐረር መጥተን አንድ ምሽት ብንጫወትስ?» ብሎ ሲደውልልኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ይህ ሙዚቃ እኮ ማብራሪያ ይፈልጋል! ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር ወደ ከተማዬ ሲመጣ እኔ እንዴት ብዬ ልተኛ?

ሁለት ማስታወቂያ ጽፌ ሸዋ በር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ለጠፍኩ። በማግስቱ አንዱን ጫት ተጠቅልሎበት፣ ሌላውን ፍየል እያኘከችው አገኘሁት። ፍየሏ «በቅጽበት የሚፈጠር» እስከሚለው ድረስ በልታ፣ የቀረውን አልጣማትም መሰለኝ ትታው ሄደች። ከሰዎቹ ይልቅ እሷ ደህና ታግሳለች።

የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ረመዳን የጀጎል ልጅ ነው፤ በሰርግና በመውሊድ ከበሮ ይመታል። ነገሩን ሳስረዳው ብዙ አሰበና፣

«ያልተዘጋጀ ሙዚቃ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ወላሂ፣ ካልተዘጋጃችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላልፉት እንጂ ሰው አትጥሩ!»

ያም ሆኖ እሱም ብቻውን ከበሮ ሊመታ ተስማማ። ቦታ ግን አጣን። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተይዞበታል። ረመዳን ቤት ደግሞ የእህቱ ሰርግ ደርሷል፤ «የሴቶቹ ዘፈንና ያንተ ሙዚቃ አንድ ግቢ ቢገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ እኔ አውቃለሁ» አለኝ። በመጨረሻ የሰፈራችን ዕድር ቤት ትዝ አለኝ። ሰፊ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ሞልቶታል። (ዕድር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ ነበር፤ ታውቁታላችሁ ብዬ ተውኩት። መተው ምን ያህል እንደሚያመኝ ግን ዕወቁልኝ።)

የዕድር ቤቱ ቁልፍ ያለው ጋሽ ሞላ ዘንድ ነው። ጋሽ ሞላ የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ ነፍተው የሚያሰሙን እሳቸው ናቸው። ስለ ሙዚቃው ታሪክ፣ ስለ ድምፅ ሞገድ፣ ስለ ዝምታ ጥቅም አስረዳኋቸው። ቁልፉን የሰጡኝ አምነውበት ሳይሆን እንድሄድላቸው ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ሳስረዳ አንድ ነገር ብቻ አመለጠኝ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የሚነፋ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ቀኑ ደረሰ። አመሻሽ ላይ ጥቂት ተማሪዎቼና የረመዳን ዘመዶች ተቀምጠዋል። ዳዊት ሲጀምር ከውጭ ነው የሚጀምረው፤ ልማዱ ነው። ከመንገዱ ጫፍ እየነፋ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣና ረዘመ፤ ረዘመና ጫፉ ላይ ተሰብሮ ወደ ታች ወረደ። ቆመ። ደግሞ ጀመረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «እንዴት ያለ አጀማመር ነው!» እላለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ በዚያች ሰዓት ድስቱን ከእሳት እያወረደ ነበር።

ሰው ጎረፈ። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አባቶች ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ጸጥ ብለው ይገባሉ። ነጠላው መዘቅዘቁን አይቻለሁ። ማየት ሌላ፣ ማስተዋል ሌላ። «የሐረር ሕዝብ እንዲህ ለጥበብ የተጠማ ነው ለካ!» እያልኩ ከፊት አስቀመጥኳቸው። አንዲት ጎረቤታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ማን ነው?»

ተጫዋቾቹን የማስተዋውቀው መጨረሻ ላይ እንዲሆን ፕሮግራም አውጥቻለሁ። ፕሮግራም አላፈርስም።

«አሁን አይነገርም፣ እማማ። ሲያልቅ እገልጻለሁ።»

«ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተቀመጡ። ካስረዳኋቸው ሰዎች «ገባኝ» ያለኝ ብርቅ ስለሆነ በጣም ደስ አለኝ።

ባለክራሯ ተከተለች። በጅማቶቹ መሃል የክብሪት እንጨት ሰካችና ክራሩን በማሲንቆ ደጋን ትፈትገው ጀመር። ዘይት የራቀው በር የሚያቃስት ይመስላል። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ፣ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ያዳምጣል። ተማሪዎቼ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም። ቀጥሎ ረመዳን አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የከበሮውን ቆዳ ሳበው፤ ከበሮው እንደ ሰው አቃሰተ። ከፊት ከተቀመጡት አንዷ ዓይናቸውን ጠረጉ። ረመዳን «አየህልኝ?» በሚል ዓይን ጠቀሰኝ። በፈተና ካልሆነ በቀር ሰው አስለቅሶ አያውቅም።

ይህ ሲሆን የሰፈሩ ወጣቶች ገብተው ከግድግዳው ሥር ድንኳኑን ማውጣት ጀመሩ። ሰው ስለበዛ ቤቱ እንደማይበቃን ተረድተው ሊረዱን ነው ብዬ ልቤ ተነካ። አንደኛው መጥቶ፣

«መምህር፣ የት ነው የምንተክለው?» አለኝ።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ፤ ለጥያቄ መልስ አለኝ። ሰፊ ግቢ የማን ነው? የኛ ነው። ቅርብ ነው? ቅርብ ነው።

«እትዬ አስካለ ግቢ ትከሉት» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሁላችንም ወደዚያ እንሄዳለን።»

ከሁሉም አፍ አንድ ትንፋሽ ወጣ። «ውይ!... ውይ የአስካለ ነገር!» አለ አንዱ በሹክሹክታ። እኚያ «ገባኝ» ያሉኝ እናት ወገባቸውን በነጠላቸው አሰሩ። ድንኳን የት እንደሚተከል ለተጠየቀ ሰው፣ የቤት ስም መጥራት ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የወንበር አደራደር ብቻ ነው።

ወጣን። ወጣቶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ከፊት፣ ዳዊት ከንፈሩ እንዳይቀዘቅዝ በቀስታ እየነፋ ከጎን፣ ሕዝቡ ከኋላ። መታጠፊያው ላይ ጋሽ ሞላ ከሸዋ በር በኩል እያለከለኩ ደረሱ። ጥሩንባቸውን ከቤታቸው አንሥተው በእጃቸው ይዘዋል።

«ማነው የነፋው? እኔ ሳልነፋ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ሞላ፣ ሙዚቃው ነው» አልኩ።

«ሙዚቃ አልከኝ እንጂ ጥሩንባ መቼ አልከኝ!»

«ትራምፔት ነው እኮ።»

«ለሰሚው ምን ልዩነት አለው? እናንተ ሰዎች፣ ተመለሱ! ማንም አልሞተም!»

ሕዝቡ አልተመለሰም። እንዲያውም ከዚህ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመረው። ይህን ላስረዳችሁ፣ ይህን ብቻ ፍቀዱልኝ። እኛ አገር ሰው ከሞተ፣ የሟች ቤተሰብ እስኪነገረው ድረስ የሚያውቀው ሁሉ «ኧረ ምንም የለም፣ ደህና ነው» ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው መሞቱን በእርግጠኝነት የምታውቁት ሁሉም አልሞተም ሲሉ ነው። ጥሩንባ ነፊው ራሱ ጥሩንባውን ይዞ «ማንም አልሞተም!» ብሎ እየጮኸ ሲሮጥማ፣ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይምጣ?

የቆርቆሮውን በር የከፈቱት እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው፤ ጥሩንባውን ሰምተው እሳቸውም ወደ ለቅሶው ሊወጡ ነበር። ድንኳኑን አዩ። ጋሽ ሞላን ከነጥሩንባቸው አዩ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም። የበሩን መቃን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣

«ምነው፣ እስከ ንጋት እንኳ ብታስተኙኝ?» አሉ።

መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው። ሐዘንተኛው የመጨረሻዋን ሰላማዊ ሌሊቱን ይተኛባት ተብሎ ነው። ጎረቤቱ አውቆ ያድራል፤ እሱ ብቻ ሳያውቅ ያድራል። እትዬ አስካለ ያቺን ሌሊት ነው የጠየቁን።

ከዚያ ጮኹ። ስንት ዓመት የታሰረ ጩኸት እንደሆነ እናንተ ገምቱት። ሕዝቡ እሳቸው ሲጮኹ አየና የቀረችው ጥርጣሬ ጠፋችለት፤ «ሄኖኬ! ሄኖኬ!» እያለ ደረቱን መታ። «ሙዚቃ ነው! ሙዚቃ ነው!» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ። አንድ ሽማግሌ አቀፉኝና «አይዞህ ልጄ፣ አንተም እንደ ወንድሙ ነበርክ» አሉኝ። ረመዳንን ፈለግሁት። ነገሩን ከእኔ እኩል የሚያውቀው ረመዳን ከበሮውን መሬት አስቀምጦ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያለ ያለቅሳል።

«ረመዳን! ምን ሆነሃል? ማንም አልሞተም እኮ!»

«አስታግፊሩላህ... እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለ እንባውን እየጠረገ። «ግን ሰው ሁሉ...»

እትዬ አስካለ የሚያለቅሱት ሰው ስለመጣ ነው። ሰው የሚያለቅሰው እሳቸው ስላለቀሱ ነው። ክብ ነው። ዞርኩት፣ ዞርኩት፣ የምገባበት አጣሁ።

የገባበት ዳዊት ነው። ትራምፔቱን መሬት ላይ አስቀምጦ እፊታቸው ተንበረከከ።

«እማማ፣ የነፋሁት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ዛሬ መጣሁ። ልጅዎን አላውቀውም። የነገረኝ ሰው የለም። ዝም ብዬ ነው የነፋሁት።»

እንግዳ ሰው ነው፤ የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። እትዬ አስካለ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። ጩኸቱ ከእሳቸው ጀምሮ እየበረደ፣ እየበረደ ወደ በሩ ሄደ።

«ታዲያ አልሞተም?» አሉ።

«አልሞተም» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን በምን አውቄ?

«አናውቅም፣ እትዬ» አልኩ።

«አለ?»

«እሱንም አናውቅም።»

ሕዝቡን አንድ በአንድ አዩ። እኚያ ወገባቸውን ያሰሩ እናት ነጠላቸውን ለመፍታት ይታገላሉ፤ ቋጠሮው እምቢ ብሏቸዋል።

«ለካ እናንተ ቀብራችሁታል» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «አንድ ሰው እንኳ ‹አይሆንም› አላለ። አንድ ሰው እንኳ ‹ማን ነገረህ?› ብሎ አልጠየቀ። እንባችሁ ተዘጋጅቶ ነበር የቆየው።»

እውነታቸውን ነዋ። እኔም ራሴ ስለ እሱ ሳወራ «ነበራቸው» እያልኩ የምሰናከለው ለዚህ ነው።

ወጣቶቹ ድንኳኑን መልሰው ሊጠቀልሉ ሲሉ እትዬ አስካለ በእጃቸው ከለከሉ። «ከመጣችሁ አይቀር ተቀመጡ። አንተ ልጅ፣ ምን ነበር የምትነፋው? እስቲ አሰማኝ።»

ዳዊት ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት አየሁ። ትራምፔቱን አነሣና በጣም ቀስ ብሎ ጀመረ። ትንፋሹ ከድምፁ ይበልጣል። አንዳንዴ ድምፅ ሊሆን ይቃረብና ይተወዋል። እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ይሄ ዘፈን አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ እማማ።»

«ለቅሶም አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለዚህች ጥያቄ ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ነበር! አንድም ቃል አልመጣልኝም።

«ይሁን» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔም እዚያው ነኝ።»

ከዚያ ተነሥተው ጋሽ ሞላ ፊት ቆሙ።

«ጋሽ ሞላ፣ ሁላችሁም ስሙኝ። ቁርጡ የመጣ ቀን፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን፣ አትደብቁኝ። እስከ ንጋት አታቆዩኝ።»

«አስካለ፣ ይሄማ ሥርዓት አይደለም» አሉ ጋሽ ሞላ።

«‹ምንም የለም› ስትሉኝ እንዳላምናችሁ ያደረገኝ ሥርዓቱ ነው። ምንም የለም ባላችሁኝ ቁጥር፣ የደበቃችሁኝን ከፊታችሁ ላይ ስፈልግ አድራለሁ። ሰው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ የምተኛው እንቅልፍ ይቅርብኝ። ማሉልኝ።»

መጀመሪያ የማለው ረመዳን ነው። «ወላሂ አልደብቅዎትም» አለ። ከዚያ እኚያ እናት። ከዚያ አንድ በአንድ ሁላችንም። ጋሽ ሞላ ብዙ አንገራገሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት ወግ ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ ስላንቺ ስል» አሉና ጥሩንባቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ወጡ።

አሁን ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አስካለ በሩን እየከፈቱልኝ «መምህር፣ የተሰማ ነገር አለ?» ይሉኛል። «የለም፣ እትዬ» እላለሁ። ፊቴን አይመረምሩም። «እሺ» ብለው መቀርቀሪያውን ይሸጉራሉ፤ ይተኛሉም።

በእናንተም ሰፈር እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ ሂዱና «አልደብቅዎትም» በሉት። መማሉ ቀላል ነው። በማግስቱ በሩ ላይ ሲጠይቃችሁ፣ ተስፋም ሳትጨምሩበት፣ ምክንያትም ሳትደረድሩለት፣ ዓይኑን እያያችሁ «የለም» ብላችሁ እሱ «እሺ» እስኪል ድረስ ቁሙ። እስቲ ሞክሩት።